የተኛው ጉድለት

በወርዘላ መንግሥት ከታዩት ክፉ ማለዳዎች ሁሉ የከፋው፣ በምስል ቤት መደርደሪያዎች ላይ የተደረደሩት የሸክላ ምስሎች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተገኙበት ማለዳ ነው። ማንም አልነካቸውም። የሞቱት ጀግኖች ምስሎችም፣ በሕይወት የተመለሱት ዘማቾች ምስሎችም፣ አንድ ሳይቀር፣ የሚያሳፍር ነገር እንዳየ ሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ጩኸት ሰምተው የሮጡ ሰዎች ሲደርሱ የእቶኑ በር ተበርግዷል፤ ሊቀ መርማሪው ሶርያስ በእቶኑ ደጃፍ ተወግቶ ወድቋል፤ ከግቢው ጀርባ ያለው መኖሪያ ቤቱ ደግሞ በእሳት ይጋያል። በቤቱ ውስጥ ሚስቱ ጽጌላና ትንሹ ልጁ ምንዳብ ነበሩ። ሴት ልጁ ንስሪት ከንጋት በፊት ለምስል የሚሆን ጭቃ ልታመጣ ወደ ወንዝ ወርዳ ስለነበር ተረፈች። ጭቃውን እንደተሸከመች መጥታ፣ ሸክሟን ሳታወርድ፣ ጣሪያው ሲወድቅ ቆማ አየች።

ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። ነገሩ እንዲገባን ግን የወርዘላን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል።

በወርዘላ ሰው ሳይቀረጽ አይዘምትም። ዘመቻ የሚወጣ ሁሉ አስቀድሞ በምስል ቤት፣ ከክቡ የድንጋይ ገበታ ፊት ይቀመጥና ከወንዝ ጭቃ የራሱን ምስል ይሠራል። ከዚያ ነጭ ጠጠር ይሰጠዋል። ነጩ ጠጠር ጸጋ ነው፤ በምስሉ ክንድ ላይ ቢተክለው ጉልበት፣ በእግሩ ቢተክለው ፍጥነት፣ በአፉ ቢተክለው አንደበት፣ በግንባሩ ቢተክለው ማስተዋል ይሆንለታል። ነጩ ግን በነጻ አይገኝም። ዘማቹ በሚዛኑ በሌላው ወገን ጥቁር ጠጠር ማስቀመጥ አለበት፤ ጥቁሩ ጉድለት ነው። ጉድለቱን ራሱ ይመርጣል፣ በአፉ ይጠራዋል፣ በምስሉ ጀርባ ባለችው ጎድጓዳ ውስጥ ይከተዋል። ጉድለቱ በከበደ መጠን ነጩ ይበዛለታል። ምስሉ በእቶን ሲጠበስ ጸጋውም ጉድለቱም የሰውየው ሥጋና ደም ይሆናሉ።

ታዲያ ሰው ሰው ነውና ማጭበርበር ይወዳል። አንዱ መጥቶ «ባሕር እፈራለሁ» ይላል፤ በወርዘላ ባሕር የለም። ሌላው «በበረዶ ላይ መራመድ አልችልም» ብሎ ነጭ ጠጠር በእፍኙ ይዝቃል። እንዲህ ያለው ማንንም የማያስከፍል ጉድለት የሞተ ጉድለት ይባላል። መርማሪ የሚባለው ሰው የተሾመውም ለዚህ ነው። መርማሪው ምስሎቹን በገበታው ላይ ያቆምና ብዙ ፊት ያለውን የአጥንት ዕጣ እየወረወረ ይጠይቃል፦ ድልድዩ ተሰበረ፣ ጓደኛህ በማዶ ቀረ፣ ምን ታደርጋለህ? ጠላትህ ወርቅ ዘረጋልህ፣ ምን ትለዋለህ? ጨዋታው ገና መንገድ ሳይጀመር መንገዱን ይጨርሳል። በዚያ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ ጉድለቱ አንዴም ሳይታይ ከቀረ መርማሪው ምስሉን በመዶሻ ይሰብረዋል፤ ዘማቹም ጭቃውን ከመጀመሪያው ያቦካል።

የንጉሡ ፈረሰኞች አለቃ ጨንገር ወደ ሶርያስ ያመጣው ምስል ከራስ እስከ እግሩ በነጭ ጠጠር የተሞላ ነበር። ጀርባው ላይ ያለችው ጎድጓዳ ግን ባዶ ናት።

«እኔ ጉድለት የለኝም» አለ ጨንገር።

ሶርያስ ሳቀ። ሳቁ ቤት የሚያናጋ ነበር ይላሉ። «እንግዲያውስ ከዚችው እንጀምር፤ ጉድለት የለኝም ማለት ራሱ ደህና ጉድለት ነው» አለና አንድ ጥቁር ጠጠር ዘረጋለት። ጨንገር ጠጠሩን አልተቀበለም። ፊቱ ጠቁሮ ወጣ፤ በማግስቱ ንጋት ላይ ተመልሶ መርማሪውን ወጋ፣ ምስሉን በገዛ እጁ ጠበሰ፣ ያየ ሰው እንዳይተርፍ ቤቱን አቃጠለ። ከዚያ በኋላ ብረት አልያዘውም። ሲቆርጡት ቁስሉ ይገጥማል፤ ሲወረውሩበት ጦሩ ይታጠፋል። ወደ ኮርዛ አምባ ወጥቶ በዚያ የሚኖሩትን ጥላ በል የተባሉትን አውሬዎች ገዛ። ጥላ በል የሰው ጥላ የሚበላ፣ ጥላው የተበላበትንም ሰው እንደ ተነቀለ ቅጠል የሚያጠወልግ ክፉ ፍጡር ነው። ከክፋቱ ይልቅ ደግሞ ዝንጉነቱ ይብሳል። ጌታውን እስከ ማግስት አያስታውስም፤ ስለዚህ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁሉ በጌታው ፊት ተሰልፎ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጨንገርም በየምሽቱ ስሙን ይነግራቸዋል፤ አውሬዎቹም ይሰግዳሉ። ይህን የወርዘላ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ንስሪት አባቷን ስትገንዝ በተጨበጠ እጁ ውስጥ ያንን ጥቁር ጠጠር አገኘችው። በመቃብሩ አፋፍ ቆማ ጠጠሩን ወደ ላይ አነሣች።

«በአባቴ በሶርያስ፣ በእናቴ በጽጌላ፣ በወንድሜ በምንዳብ እምላለሁ! ጨንገርን አጠፋዋለሁ። ሲጠፋም ሦስቱ ስሞች በጆሮው እየተጠሩ ይጠፋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ፀጉሬ አይሠራ፣ ሳቅ ከአፌ አይውጣ፣ ቂሜም አይብረድ!»

ሕዝቡ «ይሁን!» አለ። ንጉሡም ዘመቻውን አወጀ።

ከእሷ ጋር ለመዝመት የቀረቡት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ወሰንጌ የሚባል፣ ደረቱ ሰፊ ንግግሩ ጥቂት ግንበኛ ነው፤ የእህቱን ልጆች ጥላ በል ጨርሶበታል። ሁለተኛው ቀለሞ የተባለ የበቅሎ ደላላ ነበር። ለምን እንደሚዘምት ሲጠየቅ «ገበያው ሰው አልባ ሆነ፤ ለማን ልሽጥ?» አለ። እውነቱ ግን እሱም እናቱን አጥቷል፤ መናገር አልፈለገም እንጂ።

የሶርያስን ወንበር የወረሱት ደቀ መዝሙሩ የነበሩት አሮጊቷ እመት ጎመራ ናቸው። ሦስቱ ምስሎች በገበታው ላይ ቆሙ። ቀለሞ ነጮቹን ሁሉ በምስሉ አፍ ላይ ደርድሮ ጉድለቱን ጠራ፦ «ክርክር ከጀመርኩ የመጨረሻውን ቃል ሳልናገር መሄድ አልችልም።» እመት ጎመራ ዕጣውን ሦስቴ ሳይወረውሩ ጉድለቱ ከእሳቸው ከራሳቸው ጋር አጣላው፤ ወዲያው አለፈ። ወሰንጌ ደግሞ «እግሬን ከተከልኩ ወደኋላ መመለስ አልችልም» አለ። አሮጊቷ ምስሉን ረዥም ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ይህ በሕይወት ያለ ጉድለት ነው። አንድ ቀን ይጠራሃል።»

«ዐውቃለሁ፣ እመት።»

«ሌላ ብትመርጥስ?»

«ግንብ ወደኋላ ቢሄድ ምኑን ግንብ ሆነ?» አለ። አለፈ።

የንስሪት ተራ ደረሰ። ምስሏ በክንዱም በእግሩም ገና ክፍት ቦታዎች ነበሩት፤ ሰይፍ ብቻ ለመሆን የተሠራ ነበር። ለአንደበት፣ ለትዕግሥት፣ ለምሕረት የተተወ ስፍራ አልነበረውም።

«ጉድለትሽን ጥሪ» አሉ እመት ጎመራ።

«የምወደውን ሰው ስም እረሳለሁ።»

ጥቁሩ ጠጠር በሚዛኑ ላይ ሲያርፍ ሚዛኑ ገበታውን መታ። ለማመጣጠን ነጩ በእፍኝ በእፍኝ ተጨመረ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ የነጭ ክምር ከታየ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

«የምትወጂው ማን አለ?»

«ማንም። ሁሉንም ቀብሬአለሁ።»

«እንግዲያው ይህ የሞተ ጉድለት ነው። አባትሽ ቢኖር ምስልሽን በመዶሻ ይለው ነበር።»

«አባቴ የለም፣ እመት! እሱ ስለሌለ አይደል የመጣሁት?»

አሮጊቷ ዕጣውን ወረወሩ። ጠየቁ፤ መለሰች። ደግመው ወረወሩ። በጨዋታው ሁሉ ጉድለቱ አንዴም ብቅ አላለም። እጃቸው ወደ መዶሻው ሄደ፤ መዶሻውን ነካ፤ ተመለሰ።

«ስሚኝ ንስሪት። የሞተ ጉድለትና የተኛ ጉድለት ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ልለያቸው ካልቻልኩ መስበር ነበረብኝ። ነገር ግን ሶርያስ የእኔም መምህር ነበር። የአመዱ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ያሳለፍኩሽ በፍርድ አይደለም፤ በቂሜ ነው። ይህን ዕወቂልኝ።»

«ቂምዎን ይዤልዎት እሄዳለሁ» አለች ንስሪት፤ እጃቸውንም ሳመች።

ምስሎቹ ተጠብሰው በወጡ ዕለት ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። ንስሪት ገና ትኩስ የሆነውን ምስሏን በደረቷ አንጠልጥላ ደረጃው ላይ ወጣች። ጉልበት በክንዷ ውስጥ ሲፈላ ተሰማት፤ ያለፈውን ወር ሁሉ ስትናፍቀው የነበረ ጉልበት ነው። መሐላዋን በሕዝብ ፊት ልታድስ ሰይፏን መዘዘች።

«በአባቴ በ…»

ቆመች። ሕዝቡ ጠበቀ።

«በአባቴ…» አለች ደግማ። ፊቱ ከፊቷ ነበር። ፍርድ ከመስጠቱ በፊት እንዴት እንደሚስል፣ ጭቃ ሲያቦካ እጅጌውን እስከ የት እንደሚሰበስብ፣ ሁሉን ታየዋለች። ስሙ ግን የለም። ወደ እናቷ ዞረች፤ እዚያም የለም። ወደ ትንሹ ወንድሟ ሮጠች፤ የወተት ጥርሱ የወለቀበትን ቦታ እንጂ ስሙን አላገኘችም።

«ሶርያስ» አለ ቀለሞ ከታች በሹክሹክታ። ድምፁን ሰማችው፤ ሰምታውም በእጅ እንደተጨበጠ ውኃ ፈሰሰባት።

እመት ጎመራ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ወይኔ!» አሉ፤ «ሙታንን አልቆጠርንም።»

እንዲህ ያለ ስሕተት ሊሠሩ የሚችሉት የወርዘላ ሰዎች ብቻ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጉድለት ሲመዝኑ የኖሩ አሮጊትና በመርማሪ ቤት ያደገች ልጅ፣ ሰው የቀበረውን መውደድ እንደማያቆም ረስተው አንድ ገበታ ላይ ተቀመጡ። ቂም ዐይን ያሳውራል ቢባል ይህን ያህል ያሳውራል ብሎ ማን ያስባል?

አሮጊቷ ጊዜ ሳያጠፉ ነገሯት። ጥቁሩን ጠጠር ባለቤቱ ራሱ ከምስሉ ሊነቅለው ይችላል። ያን ጊዜ ግን ምስሉ ይፈርሳል፤ ጸጋው ሁሉ ይሄዳል፤ ዳግመኛም መቀረጽ የለም። ወይ ስሞቹ፣ ወይ ጉልበቱ።

ንስሪት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ከሐዘን ይልቅ በንዴት ነው። ከዚያ ተነሣች።

«ጉልበቱን እፈልጋለሁ» አለች። «መሐላዬ ግን ስሞቹን ይፈልጋል። ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ» አለ ወሰንጌ።

ወደ ኮርዛ አምባ የሚወስደው መንገድ ጥላቸው በተበላባቸው መንደሮች መካከል ያልፋል። ሰዎቹ በየደጃፋቸው ተቀምጠው፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ መሬት ላይ ምንም ሳያጠሉ፣ መንገደኞቹን በዝምታ ያያሉ። ንስሪት ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ የሚሰማት ግን ቁጣ ብቻ ነበር፤ በየመንደሩም ይከመርባት ነበር። ሁለት ጊዜ ጥላ በል ገጠማቸው። ሁለቱንም ጊዜ ሰይፏ እንደ ማጭድ ዘለቀ፤ ቀለሞ ከዛፍ ላይ ወርዶ «ለእኔም አንድ ብትተዪልኝ ምን ነበር?» ይላል።

ወሰንጌ በየማለዳው አጠገቧ ይቀመጥና «አባትሽ ሶርያስ። እናትሽ ጽጌላ። ወንድምሽ ምንዳብ» ይላታል። በየማለዳውም አዲስ ነገር እንደሰማች ሁሉ ቀና ብላ ታዳምጠዋለች። ስሞቹ ይፈስሳሉ፤ እሱ ሲጠራቸው የነበረው ድምፅ ግን ይቀራል። ተሰላችቶ አያውቅም። አንዴ «እንዴት ያሉ ሰዎች ነበሩ?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ከተናገረች በኋላ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ ስለእነሱ ማውራቷን ያስተዋለችው።

በአምባው ግርጌ ባደሩበት ማለዳ ንስሪት የውኃውን ቅል ፈልጋ ዞረች።

«አንተ… እስቲ ያንን ቅል…»

ወሰንጌ ቅሉን እንደያዘ ቀረ።

«ማንን ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተን።»

«ስሜን ጥሪኛ።»

ንስሪት አፏን ከፈተች። ቃሉ ትናንት የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ፊቷ ቀላ። ያ ዝምተኛ ግንበኛ ደግሞ ፊቱ በፈገግታ በራ፤ ፈገግታውን ሊደብቅ ቢሞክርም የሚደበቅ ዓይነት አልነበረም።

«ኧረ እሰይ!» አለ ቀለሞ። «ሰው ስሙ ሲረሳ እንዲህ ደስ ሲለው ገና ዛሬ አየሁ። ለመሆኑ የእኔስ?»

«ቀለሞ ነህ» አለች ንስሪት።

«አመሰግናለሁ! ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዤ፣ እግሬ ተልጦ፣ ስሜን ጥርት አድርጋ ታውቀዋለች!»

ንስሪት አልሳቀችም፤ ምላለችና። ተነሥታ ከሁለቱም ራቀች። ወሰንጌ ሲከተላት ዞር ብላ «እኔ ለመበቀል እንጂ ለዚህ አልመጣሁም» አለችው። «ለምን አደረግክብኝ?»

«እኔ ምንም አላደረግኩም። ስሞቹን ስጠራልሽ ነበር የከረምኩት።»

«አሁን የአንተን ማን ይጠራልኛል?»

«ሲያልቅ ጠጠሩን ንቀዪና አንቺው ጥሪኝ» አለ። «እጠብቃለሁ።»

ወደ አምባው የሚያስገባው አንድ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ብቻ ነው። አውሬዎቹ ቀን ቀን በገደሉ ዋሻዎች ይውሉና ጀምበር ስታዘቀዝቅ በዚያው ድልድይ አልፈው ወደ ጌታቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈሉ። ቀለሞ የአምባውን በረኞች በነገር ይይዛል። ወሰንጌ ድልድዩን ይዘጋል። ንስሪት ትገባለች።

«ስሞቹስ?» አለች።

«ከዚሁ ሆኜ እጮኻቸዋለሁ። ድምፄ ወፍራም ነው፤ ይሰማዋል።» ከዚያ ጋሻውን አስተካክሎ፣ አንዴ ዐይኗን አይቶ፣ እግሩን ድንጋዩ ላይ ተከለ።

በበሩ ላይ ቀለሞ ለበረኞቹ «ይህ በር በግራ በኩል መከፈት ሲገባው ለምን በቀኝ ተሠራ?» ብሎ ጀመረ። ስድስት የታጠቁ ሰዎች በአንድ አፍታ እርስ በርሳቸው ይከራከሩ ጀመር። ንስሪት በመካከላቸው አልፋ ገባች።

ጨንገር በአዳራሹ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነጭ ምስሉ ከወንበሩ በላይ ባለ መስኮት ላይ ቆሟል። መልኩ ያምር ነበር፤ ጥርሱ እንኳ አንድ የጎደለ የለውም።

«የመርማሪው ልጅ» አለ። «እንደ አባትሽ ጠጠር ልትዘረጊልኝ መጣሽ?»

መልሷ ሰይፍ ነበር። ሁሉም ጉልበቷ፣ ያ በሚዛን የገዛችው ጉልበት፣ በዚያች ሰዓት ወጣ። ትከሻውን ሰነጠቀችው፤ ገጠመ። ጉሮሮውን መታችው፤ ደሙ ሳይንጠባጠብ ቁስሉ ተዘጋ። እሱም እየተዝናና ይመክት ነበር። ከሩቅ ከድልድዩ በኩል የወሰንጌ ድምፅ ተሰማ፦ «ሶርያስ!» ንስሪት ትርጉሙን ባታውቀውም ድምፁ ክንዷን አበረታ። በአንድ ምት ጨንገርን ወደ አዳራሹ ጥግ አሽቀንጥራ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ምስሉን ነጠቀች፤ ከድንጋዩ ወለል ጋር አላተመችው። አልተጫረም። የአባቷን ጥቁር ጠጠር አውጥታ በምስሉ ጀርባ ባዶ ጎድጓዳ ውስጥ ከተተችው። ወጥቶ ወደቀ። መልሳ ከተተችው፤ ደግሞ ወደቀ።

ጨንገር እየተነሣ ሳቀ። «ያው ድንጋይ ነው። አባትሽም ከዚህ የተሻለ አልነበረውም።»

«ጽጌላ!» አለ ድምፁ ከድልድዩ። ሻካራ ሆኗል። ንስሪት የሚቀጥለውን ጠበቀች። አልመጣም።

ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት ገባት። የመጀመሪያውን ልታስበው አልደፈረችም። ሁለተኛው ይህ ነበር፦ ማንም ያልኖረበት ጉድለት ተራ ድንጋይ ነው። የተጠበሰ፣ ያስለቀሰ፣ ሰው በየማለዳው የተሸከመው ጉድለት ግን ሕይወት አለው። እንዲህ ያለ አንድ በደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ምስሏን ከደረቷ በጠሰች። ጥቁሩን ጠጠር በጥፍሯ ነቅላ ከጨንገር ምስል ጀርባ ውስጥ ጨመረችው። ገጠመ። የራሷ ምስል በእጇ ላይ ፈርሶ ትቢያ ሆነ፤ ጉልበቱም አብሮት ሄደ። ሰይፉ ከበዳትና ከእጇ ወደቀ። በጉልበቷ ተንበረከከች፤ አሁን ከወንዝ ጭቃ የምታመላልስ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ጨንገር ሰይፉን አንሥቶ በላይዋ ቆመ። «በቃ? ይኸው ነው?»

በዚህ መካከል ጀምበር አዘቀዘቀች፤ ጥላ በሎቹም እየተግተለተሉ በበሩ ገቡ። አፋቸው በደም ተለውሷል። ንስሪት የማን ደም እንደሆነ ዐወቀች። አውሬዎቹ እንደ ልማዳቸው ተሰለፉና በአንድ ጉሮሮ ጠየቁ፦

«ማን ነህ?»

ጨንገር በኩራት ቀና አለ። አፉን ከፈተ። ቆመ።

ንስሪት ያንን ፊት ታውቀዋለች። ደረጃው ላይ ሰይፍ መዝዛ የቆመችበት የራሷ ፊት ነው። ጉድለቱ የሚያስረሳው የሚወዱትን ሰው ስም ነው፤ ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ ከራሱ በቀር የወደደው የለም።

«ማን ነህ?» አሉ አውሬዎቹ ደግመው፤ አንድ እርምጃም ቀረቡ።

«እኔ…» አለ። ሰይፉ ከእጁ ወደቀ። ወደ ንስሪት ዞረ፤ ያ ጉድለት የማያውቀው ፊት ላቡ ይንቆረቆር ነበር። «አንቺ ታውቂኛለሽ! ንገሪኝ! ስሜን ንገሪኝ፤ የፈለግሽውን ውሰጂ!»

አንዲት ቃል ታድነው ነበር። ንስሪት ቃሏን በአፏ ይዛ አየችው። ከዚያ ሦስት ስሞች፣ ስንት ዘመን ከተዘጋ ቤት እንደወጡ ሁሉ፣ አንድ በአንድ ወደ እሷ መጡ።

«ሶርያስ» አለች። «ጽጌላ።» እዚህ ላይ ከድልድዩ የመጣው ድምፅ ተቋርጦ ነበር፤ ከተቋረጠበት ቀጠለችለት። «ምንዳብ። ወንድሜ ነው፤ የወተት ጥርሱን ገና አልጨረሰም ነበር።»

«የእኔን ነው የጠየቅኩሽ!»

«የአንተን ስም አንድ ቀን እንኳ ረስቼው አላውቅም» አለችው። «ግን አልነግርህም።»

አውሬዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። መልስ አልነበረም። መጀመሪያ ጥላውን በሉት፣ ከዚያ እሱን። ንስሪት ዐይኗን አልጨፈነችም፤ ለዚህ ነበርና የመጣችው። ፀሐይ ስትጠልቅ አውሬዎቹ ጌታቸውንም እስከዚያ የበሉትን ጥላም አጥተው ወደ ዋሻዎቻቸው ተበተኑ። በየመንደሩም በማግስቱ ጧት ሰዎች መሬት ላይ ጥላቸውን አይተው እየጮኹ አለቀሱ ተብሏል።

እሷ ግን ያን ጊዜ ወደ ድልድዩ እየሮጠች ነበር። በበሩ ላይ በረኞቹ ሸሽተዋል፤ ቀለሞ ብቻ ቆሞ «የመጨረሻውን ቃል እኔ ተናገርኩ» ሊላት ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። ተከትሏት ሮጠ።

ወሰንጌ ቆሟል። አውሬዎቹ በላዩ አልፈው ሄደዋል እንጂ አላንቀሳቀሱትም። ትከሻው በድልድዩ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፣ ጋሻው ተሰንጥቋል፤ እግሩ ግን በተከለበት ነው። ንስሪት ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ስሙ በምላሷ ላይ ነበር፤ ሙሉ፣ ንጹሕ፣ አንድ ፊደል ያልጎደለው።

«ወሰንጌ» አለች። «ወሰንጌ! ተመለሰልኝ እኮ! ወሰንጌ፣ ስጠራህ… ስማኝ እንጂ!»

ገደሉ ስሙን መለሰላት። ሰፊው ደረቱ ግን ትንፋሽ አልነበረበትም። ቀለሞ፣ የመጨረሻ ቃል ሳይናገር መሄድ የማይችለው ደላላ፣ በዚያች ሰዓት ምንም ቃል አላገኘም፤ አብሯት ቁጭ አለ።

ብዙ ዓመት አልፏል። በምስል ቤት ያሉት ምስሎች ፊታቸውን መልሰዋል፤ ከእነሱ መካከል ደረቱ ሰፊ የሆነ አንድ ምስል ከመርማሪዋ ወንበር ትይዩ ይቆማል። እመት ጎመራ ካረፉ ወዲህ በወንበሩ የምትቀመጠው ንስሪት ናት። መሐላዋ ስለተፈጸመ ፀጉሯን ትሠራለች፤ አንዳንዴም ትስቃለች። በየማለዳው ዕጣውን ከማንሣቷ በፊት ወደዚያ ምስል ዞራ አንድ ስም ትጠራለች።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ሴት ከደቡብ ወሰን መጣች። ዐይኖቿ እንቅልፍ ካዩ ቆይተዋል። ነጭ ጠጠሮቹን ሁሉ በምስሏ ክንድ ላይ ደርድራ ጥቁሩን በሚዛኑ ላይ ጣለች።

«የምወደውን ሰው ስም እረሳለሁ» አለች።

ንስሪት ዕጣውን አልወረወረችም። መዶሻውን አንሥታ ከጎኗ አኖረች።

«የምትወጂያቸውን ቁጠሪልኝ፣ ልጄ» አለች።

«የሉም። ገድለዋቸዋል።»

«እነሱንም ጨምረሽ።»

ልጅቷ ዐይኗን ወደ ጥቁሩ ጠጠር መለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ አንድ ስም ጠራች፤ ሌላም ጨመረች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ልቅሶ ከለከላት። ንስሪት ሁሉንም እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ምስሉን ሰበረችና አዲስ ጭቃ በፊቷ አስቀመጠችላት።